ጃፓን በየት በኩል ናት?

ስሙኝማ፣ እናንተ የመተማ ልጆች! ነገሩን ከራሳችሁ ሜዳ ልጀምርላችሁ። መጋቢት 1881 ዓ.ም. ነው። አጤ ዮሐንስ መተማ ላይ ከደርቡሽ ጋር ገጠሙ፤ ድሉ እጃቸው ሊገባ ሲል ጥይት አገኛቸው። በዚያው ጦርነት ከወደቁት አንዱ ባይከዳኝ የሚባሉ የአድዋ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ገብረ ሕይወት ያን ጊዜ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላውም።

ይህ የሙት ልጅ ምጽዋ ወረደ። በጀርመን መርከብ ባሕር ተሻገረ፤ አንድ የኦስትሪያ ባለጸጋ አሳደገው፤ በርሊን ተማረ። አገሩ ቢገባም አልተደላደለለትም፤ ወደ ሱዳን ተሰደደ። የተማረው ከአውሮፓ ነው፤ ለኢትዮጵያ ምሳሌ ትሁን ብሎ የጠቆመው ግን ጃፓንን፣ ረግጧት የማያውቃትን አገር ነው። ከውጭ ተምራ ራሷን ያስከበረች መሆኗን አይቶ ነው እንዲህ ያለው። በ1911 ዓ.ም. ገና በወጣትነቱ ሞተ፤ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመለትም ከሞተ በኋላ ነው።

ጃፓንን በዓይናቸው ያዩት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። በ1924 ዓ.ም. ሄደው በክብር ተቀበሏቸው፤ ሲመለሱም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጻፉ። አብረዋቸው የሄዱት ልጅ አርአያ አበበ ጃፓናዊት ለማግባት ቆርጠው፣ ማሳኮ ኩሮዳ የምትባል የመኳንንት ልጅ ታጭታላቸው ነበር። ወሬው ዓለምን ካዳረሰ በኋላ ጋብቻው ቀረ።

ዛሬስ? ዛሬ በቶኪዮ፣ ካትሱሺካ በሚባለው ክፍለ ከተማ ወገኖቻችን ተሰባስበው ይኖራሉ። እዚያ ሴት ልጅ በሌሊት ከሥራ ስትመለስ ብዙም አትሰጋም። የጠፋ ቦርሳ ብዙ ጊዜ ፖሊስ ጣቢያ ይገኛል። ከሦስት ወር በላይ እንዲኖር የተፈቀደለት የውጭ ሰው የጤና መድን ውስጥ ይገባል፤ ታሞ ሲታከም የሚከፍለው ከመቶ 30ውን ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ለአንድ በሽተኛ ጥማድ በሬ በሚሸጥበት አገር ላደገ ሰው ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ችግሩንም አልደብቃችሁም። ጋዜጣ ለማንበብ ከሁለት ዓይነት ፊደላት በላይ 2,136 የሥዕል ፊደሎች ይጠበቁብሃል። ቤት ስትከራይ ዋስ አምጣ ትባላለህ፤ ትናንት ለገባ ሰው ማን ዋስ ይሆነዋል? ጿሚ ከሆንክ አብዛኛው ሾርባ የዓሣ መረቅ አለበት። ጎረቤትህ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይልሃል፤ ቡና ጠጣ ብሎ በርህን የሚያንኳኳ ግን አትጠብቅ። ለእኔ ከሁሉም የሚከብደኝ ይኸኛው ነው፤ በሀዘንና በደስታ ጎረቤት ቤት ሞልቶ ያደገ ሰው በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሊታመም ይችላል።

የልጆችም ነገር አለ። ጃፓኖች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1871 ልጆቻቸውን አሜሪካ ለትምህርት ሲልኩ፣ ጹዳ ኡሜኮ የስድስት ዓመት ሕፃን ነበረች። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ስትመለስ የእናቷን ቋንቋ ረስታው ነበር። እንደገና ተማረችው፤ እ.ኤ.አ. በ1900 የሴቶች ትምህርት ቤት ከፈተች፤ ዛሬ ምስሏ በ5,000 የን ኖት ላይ አለ። ቋንቋዋን እንደገና የተማረችው አገሯ ስለተመለሰች ነው። ካትሱሺካ ለሚወለድ ልጅ አማርኛን ወላጆቹ ካላስተማሩት ማን ያስተምረዋል?

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ደላላው «ገላባትን ተሻገር፣ ከዚያ ገዳሪፍ፣ ከዚያ ካርቱም፣ ከዚያ ሊቢያ» ይላችኋል። ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ እየነደደች ነው። በዚያ መንገድ ጃፓን አይደረስም። ቢደረስስ? እ.ኤ.አ. በ2023 ጃፓን ውስጥ ጥገኝነት የጠየቁት 13,823 ሰዎች ሲሆኑ፣ በዚያ ዓመት በስደተኛነት የተቀበለችው 303 ሰዎችን ብቻ ነው። ስለዚህ ወረቀትና ቋንቋ ሳይዝ የሚሄድ ይጎዳል፤ ተማሪ ሆኖ የሚሄድ ግን ይጠቀማል። የእኔ ፍርድ ይኸው ነው።

የጃፓን መንግሥት የትምህርት ዕድል የትምህርቱን ክፍያ፣ የአውሮፕላኑን ቲኬትና የኑሮውን ወጪ ይሸፍናል፤ ማስታወቂያውን የሚያወጣው አዲስ አበባ ያለው የጃፓን ኤምባሲ ነው። ውጤታችሁን ይዛችሁ አመልክቱ። ለደላላ የሚከፈል አንድ ብር እንኳ የለበትም።