ለኮራል ገንዳ የሚሆን ውሃ፦ ከእንፋሎት መርከብ በርሜል እስከ ቤት ማጣሪያ

ሕያው ኮራልን በመስታወት ገንዳ ውስጥ በቤት የማኖር ልማድ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በእንግሊዝ አገር የተጀመረ ሲሆን፣ ስለ አጀማመሩ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ በእንስሳቱና በገንዳው አሠራር ላይ ያተኩራል። ይሁን እንጂ የልማዱን አካሄድ ከሁሉም በላይ የወሰነው የውሃው ምንጭ ነው ማለት ይቻላል፤ በመጀመሪያ ያስቸግር የነበረው የባሕር ውሃ ከባሕር ርቆ ለሚኖር ሰው እንዴት ይደርሳል የሚለው ሲሆን፣ ጨው ተቀምሞ የሚሸጥበት ዘመን ከመጣ በኋላ ግን ችግሩ ጨዉ የሚሟሟበት የከተማ ውሃ ምን ይዟል ወደሚለው ዞሯል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

በ1846 አና ቲን የተባለች የአንድ የዌስትሚንስተር ካህን ባለቤት ከቶርኪ የባሕር ዳርቻ የሰበሰበቻቸውን ድንጋያማ ኮራሎች ይዛ ወደ ለንደን ተመለሰች። ኮራሎቹ ውሃ ከላይም ከታችም እንዲያገኛቸው በመርፌና በክር በትልቅ ስፖንጅ ላይ ሰፍታ ያስቀመጠቻቸው ሲሆን፣ ከባሕር የሚመጣላት ውሃ ውሱን ስለነበረ ያንኑ ውሃ መልሶ መጠቀም ግድ ሆነባት። ለዚህም በተከፈተ መስኮት ፊት ውሃውን ከዕቃ ወደ ዕቃ ደጋግሞ በማፍሰስ አየር እንዲገባበት ታደርግ ነበር፤ አድካሚውን ሥራ የምታግዛት አገልጋይ እንደነበረቻት ራሷ ጽፋለች። ዛሬ በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚከናወነው ውሃን የማናፈስ ተግባር በሰው ክንድ ይሠራ የነበረው የባሕር ውሃ እንደልብ ባለመገኘቱ ነበር። ቆይታ ግን የባሕር አረም በገንዳው ውስጥ ጨመረች፤ አረሙ በብርሃን ኦክስጅን ስለሚያመነጭ የማፍሰሱን ድካም አቃለለላት።

የተፈጥሮ ተመራማሪው ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ በ1854 ባሳተመው «ዘ አኳሪየም» በተሰኘ መጽሐፉ ለለንደን ነዋሪዎች የሰጠው ምክር በጣም ተግባራዊ ነው። ከቴምዝ ወንዝ አፍ አልፈው የሚጓዙ የእንፋሎት መርከቦች አዛዥ ወይም አስተናጋጅ ጥቂት ጉርሻ ከተሰጠው፣ የወንዝ ውሃ ከማይደርስበት ጥርት ካለው ባሕር በበርሜል ቀድቶ ሊያመጣ ይችላል ይላል። የበርሜሉ እንጨት ዓይነትም ቀላል ነገር አልነበረም፤ ከኦክ እንጨት የሚወጣው ታኒን፣ ማለትም ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግለው መራራ ንጥረ ነገር፣ ውሃውን ያበላሸዋልና። ጎስ በዚያው ዓመት ሰው ሠራሽ የባሕር ውሃ የሚቀመምበትን ዘዴ ይፋ ያደረገ ሲሆን፣ መሠረቱ በብራይተን አጠገብ ከተቀዳ ውሃ የተገኘ የኬሚካል ትንታኔ ነበር። ቅመሙ የገበታ ጨው፣ ኤፕሰም የሚባለው የማግኒዥየም ጨው፣ ማግኒዥየም ክሎራይድና ፖታሲየም ክሎራይድ ብቻ የያዘ በመሆኑ፣ ኮራል አፅሙን የሚገነባበት ካልሲየም በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ለንደን የምትጠጣው ውሃ ከኖራ ድንጋይ አገር የሚመጣ ስለሆነ ካልሲየሙ በጥቂቱም ቢሆን ከውሃው ከራሱ ይገኝ ነበር፤ ያም ሆኖ ቅመሙ ለኮራል እድገት የሚበቃ ነበር ማለት ያስቸግራል። በዚያው በ1854 የበጋ ወራት ሐኪሙ ጆን ስኖው በለንደን ብሮድ ስትሪት የተነሣውን ኮሌራ ከአንድ የውሃ ፓምፕ ጋር ማያያዙን ስናስታውስ፣ የከተማው ውሃ ምን እንደያዘ ሰዎቹም ሆኑ ሳይንሱ ገና በቅጡ እንዳላወቁ እንረዳለን።

ታላላቆቹ የሕዝብ አኳሪየሞች በሁለት መንገድ ሄዱ። በ1869 የተከፈተው የበርሊን አኳሪየም በተቀመመ ውሃ ሲገለገል፣ በ1871 በለንደን ክሪስታል ፓላስ የተከፈተው ግን ውሃውን ከብራይተን በባቡር አስመጣ። የማጓጓዙ መንገድ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰው በ1930 በተከፈተው በቺካጎው ሼድ አኳሪየም ሲሆን፣ ሃያ የታንከር ፉርጎዎች ከፍሎሪዳ ኪ ዌስት ስምንት ጊዜ ተመላልሰው 1 ሚሊዮን ጋሎን የባሕር ውሃ አድርሰዋል። የግለሰብ ቤት ይህን ማድረግ አይችልም። የተሻለውን መንገድ የጠረገው ኬሚስቱ ዊልያም ዲትማር ነው፤ ቻሌንጀር የተባለችው የጥናት መርከብ ከልዩ ልዩ ውቅያኖሶች ያመጣቻቸውን 77 ናሙናዎች መርምሮ በ1884 ባወጣው ውጤት፣ የጨዉ መጠን ቢለያይም ዋና ዋናዎቹ ንጥረ ነገሮች እርስ በርስ ያላቸው ምጣኔ በየትም ቦታ አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋገጠ። እንዲህ ከሆነ አንድ ቅመም ለሁሉም ይበቃል ማለት ነው፤ በ1960ዎቹም በአሜሪካ በጥቅል የሚሸጥ የባሕር ጨው ለገበያ ቀርቦ፣ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው በማሟሟት ባሕርን በማንኛውም ከተማ ማዘጋጀት ተቻለ።

ጨዉ ሲሟላ ግን የቧንቧው ውሃ ጉድለት ጎልቶ ታየ። ከገንዳ የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨውም ሆነ ሌላ የሟሟ ነገር እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የጎደለው የሚተካው ጨው በሌለው ውሃ ሲሆን፣ በየቀኑ አንድ በመቶው በሚተንበት ገንዳ በመቶ ቀን ውስጥ ገንዳውን የሚያህል አዲስ ውሃ ገብቶ፣ የያዘውን ናይትሬት፣ ፎስፌት፣ ሲሊኬትና መዳብ ሁሉ እዚያው ጥሎ ይተናል። ሰው ሳይታመም የሚጠጣው መዳብ ለቀንድ አውጣ፣ ለሽሪምፕና ለኮራል መርዝ ነው፤ ፎስፌት ደግሞ አልጌን ከማብዛቱም በላይ የኮራሉን አፅም ግንባታ ያውካል።

መፍትሔው የመጣው ፍጹም ከሌላ አቅጣጫ ነው። ሲድኒ ሎብና ስሪኒቫሳ ሱሪራጃን በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ1960 አካባቢ የሠሩት ስስ ገለፈት የታሰበው ጨዋማ ውሃን ለመጠጥ ለማብቃት ሲሆን፣ በ1965 በካሊፎርኒያዋ ኮሊንጋ ለከተማ አገልግሎት ዋለ። ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው ይህ ዘዴ ውሃን በግፊት በገለፈት ውስጥ አሳልፎ የሟሟውን ነገር ወደ ኋላ የሚያስቀር ነው። ጨዋማ ውሃን ጨው አልባ ለማድረግ የተፈለሰፈው መሣሪያ፣ የቧንቧን ውሃ አጣርቶ መልሶ ጨው ለሚጨምርበት ሰው ዋና ዕቃ መሆኑ ፈገግ ያሰኛል። ከገለፈቱ ያመለጠውን የሚይዝ ሬዚን፣ ማለትም የሟሙ ጨዎችን እየሳበ የሚያስቀር ጥቃቅን እንክብል፣ በስተመጨረሻ ይታከልበታል። የዘዴው ትልቅ ነውር ብክነቱ ነው፤ በተለመዱት የቤት ማጣሪያዎች አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ለማግኘት ሦስትና አራት ሊትር ወደ ፍሳሽ ይወርዳል።

በባሕር አጠገብ የሚኖሩ ሁሉ ግን ይህ ማጣሪያ አላስፈለጋቸውም። የጃካርታው ሊ ቺን ኤንግ በ1961 ባሳተመው ጽሑፍ የገለጸው ገንዳ ከባሕር የተቀዳ ውሃ፣ ሕያዋን የሰፈሩበት የሪፍ ድንጋይና የአየር አረፋ ብቻ ነበረው።

የከተማ ውሃ አንድ ጊዜ ተመርምሮ የሚታለፍ ምንጭ አለመሆኑን፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት የዋሽንግተን ዲሲ ታሪክ ያሳያል። የከተማዋ ውሃ አቅራቢ በ2000 መገባደጃ ከክሎሪን ወደ ክሎራሚን፣ ማለትም የክሎሪንና የአሞኒያ ውሕድ፣ ተዛወረ። ክሎሪን ውሃው በክፍት ዕቃ ሲያድር ተንኖ ሊወጣ ሲችል ክሎራሚን ግን በቀላሉ አይለቅም፤ የከሰል ማጣሪያ ሲሰብረውም አሞኒያው ስለሚቀር ለቀሪው ገለፈቱና ሬዚኑ ያስፈልጋሉ። ለውጡ በአሮጌ ቧንቧዎች ውስጥ ያለው እርሳስ ወደ ውሃው እንዲለቀቅ ምክንያት በመሆኑ፣ በ2004 ዝገትን ለመከላከል ፎስፌት ይጨመርበት ጀመር። ለነዋሪው ጤና የተጨመረው ፎስፌት ኮራል አሳዳሪው ከገንዳው ሊያስወግደው የሚደክምለት ያው ፎስፌት ነው። ከዚህም ሌላ አቅራቢው ቧንቧዎቹን ለማጽዳት በየዓመቱ በጸደይ ለጥቂት ሳምንታት ወደ ክሎሪን ስለሚመለስ፣ በዚያች ከተማ ገንዳ ያለው ሰው የማጣሪያውን ከሰል የሚመርጠው የሁለቱንም ወቅት ውሃ እንዲችል አድርጎ ነው።