ታኅሣሥ፣ የልደት ወር

የዩኒቨርሲቲ ልደት ሲከበር ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። በሩ ላይ ባነር፣ ቲሸርቱ ላይ ቁጥሩ፣ አዳራሹ ውስጥ «ክቡራትና ክቡራን» ብሎ የሚጀምር የማያልቅ ንግግር። ከውጭ የመጡት ፕሮፌሰሮች የፊት ወንበር ይይዛሉ፤ ተማሪው ከኋላ ሆኖ ምሳው ስንት ሰዓት እንደሚቀርብ ያሰላል። ድግሱን አንጠላም፤ ምሳውንም ጭምር። ግን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዕድሜ በተነሳ ቁጥር አንዲት ጥያቄ ትከነክነናለች። ለመሆኑ የሚቆጠረው ምንድን ነው? (ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ የፈረንጁን ስንጠቅስ እ.ኤ.አ. እንላለን።)

ከልደት ቀኑ እንጀምር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በታኅሣሥ 1943 በ33 ተማሪዎች ትምህርት ጀመረ። ፕሬዚዳንቱ ሉሲየን ማት የተባሉ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ነበሩ። ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። እንግዲህ ልደቱን ከ1954 መቁጠርም ይቻል ነበር፤ የሚቆጠረው ግን ከፊተኛው ነው። ዕድሜ ሲረዝም ማን ይጠላል?

በሁለቱ ልደቶች መካከል ሌላ ታኅሣሥ አለ። በታኅሣሥ 1953 የክብር ዘበኛው መፈንቅለ መንግሥት ሊከሽፍ ሲል በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የታገቱ ሚኒስትሮችና መኳንንት ተረሸኑ። የኮሌጁ ተማሪዎች ደግሞ መፈንቅለ መንግሥቱን ደግፈው ሰልፍ ወጥተው ነበር። ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ተዛወሩ፤ ገነተ ልዑልን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። ዛሬ ስድስት ኪሎ የምንለው ግቢ ይኸው ነው። በየካቲት 12 ቀን 1929 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረውም፣ ጭፍጨፋው የጀመረውም እዚሁ ነው። ባለቤቱ በደም ምክንያት የተዉት ቤት ለተማሪ ደረሰ፤ እሳቸው የገቡበት አዲሱ ቤት ደግሞ በኢዮቤልዩ በዓል ስም የተጠራ ነበር። ልብ ወለድ ላይ ብናነበው ደራሲው አበዛው እንል ነበር።

ኮሌጁ የራሱ ዓመታዊ በዓልም ነበረው፤ «የኮሌጅ ቀን» ይባላል። ተማሪዎች ግጥም ይወዳደራሉ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። በ1953 ታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» የሚለውን ግጥሙን አነበበና ድግሱ ድግስ መሆኑ ቀረ። ከዓመታት በኋላ ኢብሳ ጉተማ ኢትዮጵያዊው ማነው ብሎ ጠየቀ። ይኼው ገጣሚ በ1983 በተቋቋመው የሽግግር መንግሥት የትምህርት ሚኒስትር ሆኗል። እኛ ከሁሉም በዓላት ይህንን እናደንቃለን። ባለሥልጣን ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ተማሪ የልቡን የተናገረበት ልደት ነዋ።

ወደ ዓለም አቀፉ ጉባኤ እንሂድ። የኢትዮጵያ ጥናት ዓለም አቀፍ ጉባኤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1959 የተካሄደው ሮም ነው። አዎ፣ ሮም፤ ከየካቲት 12 በኋላ በ22 ዓመቱ። በዚያ ጉባኤ ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ ከተናገሩት አንዱ ኤንሪኮ ቼሩሊ በወረራው ዘመን የጣልያን ምሥራቅ አፍሪካ ምክትል ገዥ የነበረ ነው። ትልቅ ምሁር መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ስለ እኛ የሚደረገው ጉባኤ በእኛ ቤት መደረጉ ለምን ዋጋ እንዳለው ለሚጠይቀን፣ መልሳችን ይህ ነው። በ1955 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሪቻርድ ፓንክረስትን ዳይሬክተር አድርጎ ተቋቋመ፤ ሦስተኛው ጉባኤ በ1958 አዲስ አበባ ገባ። መጻሕፍቱ፣ ብራናዎቹ፣ ሙዚየሙ ዛሬም እዚያው ግቢ ውስጥ አሉ። ባነሩ ሲወርድ የሚቀረው እሱ ነው።

ጉባኤው ታዲያ አዲስ አበባ ሲመጣ ጊዜ አይመርጥም። ስምንተኛው በኅዳር 1977 ሲደረግ ሰሜኑ በረሃብ እያለቀ ነበር። አሥራ አንደኛው መጋቢት 1983 ላይ ተደረገ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ደርግ ወደቀ።

የ1993ቱ ግን የብቻው ነው። በዚያ ዓመት ዩኒቨርሲቲው 50 ዓመት ሞላው። በጥቅምት መጨረሻ አሥራ አራተኛው ጉባኤ በከተማዋ ተካሄደ፤ ጽሑፎቹ በኋላ በሦስት ቅጽ ታተሙ። በሚያዝያ ደግሞ ተማሪዎቹ ማኅበራቸውና ጋዜጣቸው ይፈቀድልን፣ የታጠቀ ፖሊስ ከግቢያችን ይውጣልን አሉ። ፖሊስ ግቢ ገብቶ ደበደባቸው፤ ሁከቱ ወደ ከተማው ወጣ፤ ከ30 በላይ ሰዎች ተገደሉ። በሺዎች ታሰሩ፤ ብዙ ተማሪዎች ኬንያ ገቡ። ሁሉም በአንድ የትምህርት ዘመን! በሦስቱ ቅጽ ውስጥ ሚያዝያ የለም። ሊኖርም አይችልም፤ ጉባኤው ቀድሞ ነዋ። የሚያዝያው ቅጽ የት አለ ብለን ስንጠይቅ ግን የሚመልስልን የለም።

ወደ ታኅሣሥ እንመለስ። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ፤ በማግስቱ አስከሬኑን ከበው በቆሙት ተማሪዎች ላይ ወታደር ግቢ ገብቶ ተኮሰ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተጀመረና 60,000 ያህል ተማሪና አስተማሪ ወደ ገጠር ዘመተ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 በኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ጉዳይ ሰልፍ በወጡ ተማሪዎች ላይ ተተኮሰ፤ ተማሪ ሞተ። በዚያው ዓመት ከ40 በላይ መምህራን ተባረሩ።

ነገሩ የአዲስ አበባ ብቻም አይደለም። ሃያኛው ጉባኤ በመስከረም 2011 መቀሌ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ መሪ ቃሉም ስለ ትስስርና ስለ ማንነት። ሁለት ዓመት ከወር በኋላ ጦርነቱ ተነሳ።

በታኅሣሥ 2018 ዩኒቨርሲቲው 75 ዓመት ሞላው። ከመካከላችን አንዱ፣ በዘመቻው የተዘጋባቸው ሁለት ዓመታት ይቀነሱና 73 ይባል ባይ ነው። ሌላዋ በፍጹም አትስማማም፤ ገጠር የዘመተውም ተማሪ ነበር፣ እነዚያ ዓመታት እንዲያውም በደማቁ ይቆጠሩ ትላለች። ክርክሩ ገና አላለቀም።