ከአሻንጉሊት ባቡር ሥር የወጣው «ሃክ»

«አካውንቴ ሃክ ተደርጓል! ብር ላኩልኝ የሚል መልእክት ቢደርሳችሁ እኔ አይደለሁም።»

ቴሌግራም የሚጠቀም ሰው ይህን የመሰለ ማስጠንቀቂያ ከዘመድ ወይም ከጓደኛ ሳይደርሰው አልቀረም። ዛሬ «ሃከር» ሲባል አብዛኛው ሰው በዓይነ ኅሊናው የሚያየው ፊቱን በኮፍያ ሸፍኖ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሰው ገንዘብ የሚሰርቅ ወጣት ነው። ቃሉ ግን ያደገው በሌቦች ሰፈር አይደለም። ያደገው በአሻንጉሊት ባቡር ዙሪያ ተሰብስበው ሲሳሳቁ በሚያመሹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል ነው።

በቀልድ ያደገ ቃል እንዴት የወንጀል ስም ሆነ? መልሱን ለማግኘት ወደ ሞዴል ባቡር ወዳጆች ዓለም ጎራ ማለት ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

🚂 ትልቅ ሰው፣ ትንሽ ባቡር

ሞዴል ባቡር የልጆች መጫወቻ ብቻ አይደለም። በአሜሪካና በአውሮፓ መሐንዲሱም፣ ሐኪሙም፣ ጡረተኛውም የቤቱን አንድ ክፍል ለቆለት ዓመታት የሚፈጅበት ሥራ ነው። ተራራ ይሠራል፣ ዋሻ ይቆፍራል፣ ድልድይ ይዘረጋል፣ ጣቢያ ያቆማል። በጣም የተለመደው «ኤች ኦ» የሚባለው መጠን ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያንሳል። 20 ሜትር የሚረዝም ፉርጎ በዚህ መጠን ሲሠራ 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል።

እንዲህ ያለውን ሰው ጎረቤት አይቶ «ምነው፣ በዚህ ዕድሜው ይጫወታል እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። ባቡር ወዳጆች ለዚህ ጥያቄ የቆየ መልስ አላቸው፤ ሰው ሳይስቅባቸው በፊት ራሳቸው በራሳቸው ይስቃሉ። ደግሞ የሚኮርጁት ተቋም ለቀልድ የተመቸ ነው። እውነተኛ የባቡር ኩባንያ ኮስታራ ነው፤ ደንብ፣ የሰዓት ሰሌዳ፣ ማዕረግና ኮሚቴ ይበዛበታል። ያንን ሁሉ ኮስታራነት ጠረጴዛ ላይ በሚሽከረከር አሻንጉሊት ላይ መጫን በራሱ ያስቃል።

በዚህ ቀልድ ስሙ የገነነው ጆን አለን የሚባል አሜሪካዊ ነው። በካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ከተማ የኖረ ፎቶ አንሺ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እስከ ሞተበት እስከ 1973 ድረስ የሠራው የሞዴል ባቡር መስመር በሙያው መጽሔቶች እየወጣ ብዙዎችን አስደምሟል።

አለን ለምናባዊ ኩባንያው ያወጣው ስም በጽሑፍ ሲታይ «ጎሬ ኤንድ ዳፌቲድ» የሚል ይመስላል። የአሜሪካ ባቡር ኩባንያዎች በሚያገናኟቸው ከተሞች ስም መጠራታቸው የተለመደ ስለሆነ፣ ያየው ሁሉ የሁለት ከተሞች ስም አድርጎ ያልፈዋል። ጮክ ብሎ ያነበበው ግን «ጎሪ ኤንድ ዲፊትድ» ሲል ራሱን ያገኘዋል፤ ትርጉሙም «ደም በደም የሆነና ድል የተመታ» እንደ ማለት ነው።

ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሰሙ የከተሞች ስም ነው፤ ወርቁ የተሸነፈ ሰው እንጉርጉሮ። ልዩነቱ መንገዱ ላይ ነው። በአማርኛ ፊደሉ አንድ ሆኖ ቃሉ ሲላላና ሲጠብቅ ትርጉሙ ይለወጣል፤ «አለ» ላልቶ «ተናገረ»፣ ጠብቆ ደግሞ «ይገኛል» እንደሚሆነው። በእንግሊዝኛ ግን ብዙ ጊዜ ፊደሉ ተለያይቶ ድምፁ ይመሳሰላል። የአማርኛው ሕብር ወረቀት ላይ ተደብቆ አንባቢን ያሳስታል፤ የአለን ሕብር ደግሞ ወረቀት ላይ ሌላ መስሎ አፍ ላይ ይያዛል።

ስሙ ለሳቅ ብቻ የወጣም አልነበረም። በዘመኑ ብዙዎች ሞዴላቸውን እንደ አዲስ ዕቃ ሲያስወለውሉ፣ አለን ዝገትን፣ ጥቀርሻንና እርጅናን በቀለም እያስመሰለ ይሠራ ነበር። በዚህ ጥበብ ፈር ከቀደዱት አንዱ እሱ ነው። ስለዚህ ስሙ እውነት ይናገራል፦ ይህ ባቡር የደከመ፣ የደኸየ፣ ግን መሄዱን ያላቆመ ባቡር ነው። ከዚያ ሁሉ ጥንቃቄ መካከል ደግሞ ፉርጎ የምትጎትት «ኤማ» የምትባል ስቴጎሳውረስ አስገብቷል፤ በሎኮሞቲቭ ፈንታ የተሰማራች ዳይኖሰር!

አለን በጥር 1973 ሞተ። ከሞተ አሥር ቀን ገደማ በኋላ ቤቱ ውስጥ እሳት ተነሣና የዕድሜ ልክ ሥራውን አብዛኛውን በላው። ስሙን ግን እሳቱ አላገኘውም። እስከ ዛሬ ባቡር ወዳጆች ሲገናኙ አንዱ ያንን ስም ይጠራል፤ ሌላው ይስቃል።

🔌 ከጠረጴዛው በታች

በዚያው ዘመን፣ በአሜሪካ ሌላኛው ጫፍ፣ ቦስተን አጠገብ ባለው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም (ኤምአይቲ) የተማሪዎች የሞዴል ባቡር ክበብ ነበር። ከ1946 ጀምሮ የነበረው ይህ ክበብ ለረጅም ጊዜ የከተመው «ሕንፃ 20» በሚባል የእንጨት ቤት ነው። ቤቱ ራሱ የቀልድ ያህል ነው። በ1943 ለራዳር ምርምር በጥድፊያ «ለጊዜው» ተብሎ ተሠርቶ፣ የፈረሰው ከ55 ዓመት በኋላ በ1998 ነው።

የክበቡ አባላት በሁለት ይከፈሉ ነበር። አንዱ ወገን ከጠረጴዛው በላይ ያለውን ይወዳል፤ ተራራውን፣ ቤቱን፣ የባቡሩን ቀለም። ሌላው ወገን ከጠረጴዛው በታች ይኖራል። እነዚህ «የምልክትና የኃይል ንዑስ ኮሚቴ» ይባላሉ። ሥራቸው ብዙ ባቡር በአንድ ጊዜ የሚያንቀሳቅሰውን የሽቦና የሪሌይ መረብ መዘርጋት ነው። ዕቃው በአብዛኛው ከስልክ መሥሪያ ቤት የተገኘ ነበር። አንድ አዲስ ገቢ ተማሪ የክፍሉን ቁልፍ የሚያገኘው 40 ሰዓት ከሠራ በኋላ ነው።

ዕቃ ሲያልቅስ? ማታ ማታ ከተቋሙ ክፍሎች የሚፈለገውን ዕቃ «የሚያፈላልግ» ቡድን ነበር። ስሙ ሲመለስ «የእኩለ ሌሊት ንብረት ጠያቂ ኮሚቴ» እንደ ማለት ነው። የመሥሪያ ቤት ወረቀት ያየ ሰው ቀልዱን ወዲያው ያገኘዋል፤ ፎርም የሚሞላው የለም፣ ማኅተም የለም፣ ኮሚቴው ግን አለ።

በ1959 ከአባላቱ አንዱ ፒተር ሳምሰን የክበቡን ቋንቋ በትንሽ መዝገበ ቃላት ሰበሰበው። ከዚያ ቤት ቃላት ጥቂቱን ማየት ይበቃል።

«ፉ»፦ በክፍሉ ዙሪያ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ቁልፎች ነበሩ። ባቡር ሊጋጭ ሲል አንዱ ቁልፉን ይመታል፤ ሁሉም ነገር ይቆማል። የመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ሰዓትም ይቆምና በቁጥሮቹ ፈንታ «ፉ» የሚል ቃል ያሳያል። ቃሉ ከ1930ዎቹ የአስቂኝ ሥዕል ታሪኮች የመጣ ባዶ ቃል ነው፤ ትርጉም የለውም፣ ቀልዱም ይኸው ነው። ዛሬ አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ዳር ፕሮግራሚንግ የሚማር ተማሪ በመማሪያው ውስጥ «ፉ» እና «ባር» የሚሉ የምሳሌ ስሞች ያገኛል።

«መንግ»፦ አንድን ነገር ሲነካኩት አበላሽቶ ከጥቅም ውጪ ማድረግ ነው። መጀመሪያ «እስኪበላሽ መጨፍለቅ» የሚሉ የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት ናቸው ተባለ። ቆይቶ ቀልደኞቹ የመጀመሪያዋን ፊደል ራሱን «መንግ»ን እንድትወክል አደረጓት። ስለዚህ ቃሉ ሲፈታ በውስጡ ራሱ ይገኛል፤ ያም ሲፈታ እንደገና ራሱ፤ ማለቂያ የለውም።

«ሃክ»፦ በተቋሙ ተማሪዎች ዘንድ ቀድሞ ብልሃት ያለበት ማላገጫ ማለት ነበር። የክበቡ መዝገበ ቃላት ግን ራሱን በማሾፍ ፈታው፦ ለቁም ነገር የማይረባ፣ ሰው ራሱን በመጥፎ ምክር አሳስቶ የሚገባበት ሥራ። ከጠረጴዛው በታች ለሚኖሩት ግን ይህ ስድብ ሳይሆን ትልቁ ምስጋና ነበር። አዲስ፣ ያማረና ሙያ የሚጠይቅ መላ ካልሆነ «ሃክ» አይባልም። ያንን የሚሠራ ሰው ደግሞ «ሃከር» ይባላል።

💻 ቀልዱ ኮምፒውተር ላይ ሲወጣ

ከጠረጴዛው በታች የነበሩት ልጆች ብዙ ሳይቆዩ የተሻለ መጫወቻ አገኙ። በ1958 ቲኤክስ-0 የሚባል ኮምፒውተር ወደ ተቋሙ መጣ፤ በ1961 ደግሞ ፒዲፒ-1 ተከተለ። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር የቁም ነገር ሥራ ብቻ የሚሠራበት ዕቃ ነበር። ልጆቹ ግን የባቡር ክፍሉን አመል ይዘው ገቡ።

የፒዲፒ-1 ዋጋ 120,000 ዶላር ገደማ ነው። በዚህ ማሽን ላይ ጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራም ሠሩና «ውዱ የጽሕፈት መኪና» አሉት። ሒሳብ መሥሪያውን «ውዱ የሒሳብ ማሽን» አሉት። ስሙ ውስጥ የሰው ነቀፋ አስቀድሞ ገብቷል፤ «ይህን ሁሉ ገንዘብ ለዚህ?» ብሎ ሊቆጣ የመጣ ኃላፊ የሚናገረው ያጣል። በ1962 ስቲቭ ራስልና ጓደኞቹ በዚሁ ማሽን ላይ «ስፔስዋር» የተባለውን ጨዋታ ሠሩ፤ ከመጀመሪያዎቹ የኮምፒውተር ጨዋታዎች አንዱ ነው። ሳምሰን ከጀርባው የሚታየውን የከዋክብት ሰማይ ሠራና «ውዱ ፕላኔታሪየም» አለው። ተጫዋቾች የሚይዟቸው መቆጣጠሪያ ሳጥኖችም የተገጣጠሙት ከባቡር ክበቡ በተለቃቀመ ዕቃ ነበር። በአፍሪካም ሆነ በእስያ ልጆች ዛሬ በስልካቸው የሚጫወቱት ጨዋታ ከሩቅ የዘር ግንዱ ሲቆጠር እዚያ የሽቦ ክምር ጋር ይደርሳል።

🔒 ሰሙ ወጣ፣ ወርቁ ቀረ

ቃሉ መቼ ከፋ? ባቡር ወዳጆቹን ፍጹም ንጹሕ አድርጎ መሳል ታሪክን ማጣመም ነው። የእኩለ ሌሊቱ ኮሚቴ ስሙ ቢያስቅም፣ ያለ ፈቃድ ዕቃ መውሰዱ መውሰድ ነው። በኅዳር 1963 ደግሞ የተቋሙ የተማሪዎች ጋዜጣ «ሃከር» የሚባሉ ልጆች የስልክ መስመሩን እያታለሉ በመጠቀማቸው አገልግሎት እንደተቀነሰ ጻፈ። ቃሉን ከጥፋት ጋር አያይዞ ያሳተመው ጋዜጣ እዚያው ጊቢ ውስጥ ነበር። ቀልድ በር ይከፍታል፤ አንዳንዴ ግን በሩ የሌላ ሰው ነው።

ያም ሆኖ ለሃያ ዓመት ያህል ሁለቱ ትርጉሞች ጎን ለጎን ኖሩ። ውሳኔው የመጣው በ1983 ነው። በዚያ ዓመት አንድ ልጅ የጦር ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ዓለምን ለጥፋት ሲያቃርብ የሚያሳይ «ዋርጌምስ» የተባለ ፊልም ወጣ። የሚልዋኪ ከተማ ወጣቶች ደግሞ የትልልቅ ተቋማትን ኮምፒውተሮች ሰብረው ገብተው ተያዙ። ጋዜጦች ስም ሲፈልጉ «ሃከር» የሚለውን አገኙ።

በዚያው ዓመት በመስከረም ወር፣ እዚያው ኤምአይቲ፣ ሪቻርድ ስቶልማን ሁሉም ሰው በነፃነት የሚጠቀምበት፣ የሚያሻሽለውና የሚያካፍለው የኮምፒውተር ሥርዓት እንደሚሠራ አስታወቀ። ስሙን «ግኑ» አለው፤ ሲፈታ «ግኑ ዩኒክስ አይደለም» ይሆናል። ስሙ ሲፈታ በውስጡ ራሱ አለ! የ«መንግ» ቀልድ ሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ ተሻግሮ ቁም ነገር ወለደ። በአንድ ወር ውስጥ ዓለም «ሃከር»ን ሌባ ሲል፣ ሃከሩ ሥራውን በነፃ እሰጣለሁ ይል ነበር።

የቃሉ ባለቤቶች ዝም አላሉም። በ1985 ገደማ ለሰርጎ ገቡ «ክራከር» የሚል ሌላ ስም አውጥተው «ሃከር»ን ለማስመለስ ሞከሩ። አልተሳካም። ምክንያቱን መገመት አይከብድም፤ የመጀመሪያው ቃል በሳቅ መካከል ያደገ ነው፣ ሁለተኛው በአቤቱታ የወጣ ነው። አቤቱታ ተሰምቶ ይረሳል፤ የሚያስቅ ቃል ግን ከአፍ ወደ አፍ ይሄዳል። ጣጣውም እዚያው ላይ ነው። ቅኔ ከቤቱ ርቆ ሲሄድ የሚፈታው ሰው አብሮት ካልሄደ፣ ሰሙ ብቻውን ይደርሳል።

ባቡር ሲያልፍ ቃሉ እንደሚቀር ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። «ለገሃር» የፈረንሳዮቹ «ላ ጋር»፣ ማለትም «ጣቢያው» ነው። ከጅቡቲ የተነሣው አሮጌ ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነበር። አዲሱ ባቡር ዛሬ የሚነሣው ከከተማው ዳር ነው፤ የታክሲ ረዳት ግን እስከ አሁን «ለገሃር! ለገሃር!» ይላል።

የኤምአይቲው ክበብም ሕንፃ 20 ፈርሶበት ወደ ሌላ ቤት ተዛወረ እንጂ አልሞተም። «ሃክ»ም የቀድሞ ትርጉሙን ጨርሶ አልጣለም። በ1999 ፕሮግራመሮች ተሰብስበው ያለ ዕረፍት የሚሠሩበትን ዝግጅት «ሃካቶን» ማለት ጀመሩ፤ «ሃክ» እና «ማራቶን» ተጋቡ። የማራቶን አገር በሆነችው ኢትዮጵያም ወጣቶች በሃካቶን ይወዳደራሉ፣ ይሸለማሉ፣ ወላጅ ይኮራባቸዋል።

አንዳንዴ ሁለቱ መልእክቶች በአንድ ስልክ ላይ፣ በአንድ ቀን ይደርሳሉ። አንዱ «አካውንቴ ሃክ ተደርጓል» ይላል። ሌላው «ልጃችን በሃካቶን አንደኛ ወጣ፣ እንኳን ደስ አላችሁ!» ይላል።