የቃል ማብራሪያ፦ አዳጊ ጭነት

አዳጊ ጭነት ማለት ጡንቻ ከለመደው ጥቂት የሚበልጥ ሸክም እየተሰጠው፣ ያንንም ሲለምድ እንደገና ጥቂት እየተጨመረለት የሚጠነክርበት የአሠራር ዘዴ ነው። ጂም ቤት ውስጥ «ፕሮግረሲቭ ኦቨርሎድ» ሲባል የምንሰማው እሱ ነው።

ቃሉን ወደ አማርኛ ስናመጣ መጀመሪያ የሚያስቸግረን «ኦቨርሎድ» ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ኦቨርሎድ ሲባል ቶሎ የሚታየው ትርፍ የጫነ ሚኒባስ ነው፤ ትራፊክ ፖሊስ ብቅ ሲል ረዳቱ የቆመውን ተሳፋሪ «ዝቅ በሉ» የሚልበት። ጀማሪውም ይህንኑ ትርጉም ይዞ ጂም ይገባል። አጠገቡ የሚሠራውን ያይና እልህ ይዞት ብረቱ ላይ ኪሎ ይደረድራል፤ በማግስቱ ደረጃ መውረድ ያቅተዋል፤ በሳምንቱ ደግሞ ከነጭራሹ ይቀራል። ቃሉ ግን እንዲህ አድርግ አላለውም። «በላይ» የተባለው ከአቅም በላይ ሳይሆን ከልማድ በላይ ነው።

ስለዚህ «ትርፍ ጭነት» የሚለውን ትተነዋል። «ጫና»ም አልሆነንም፤ የሥራ ጫና፣ የኑሮ ጫና ስንል የምናማርርበት ቃል ነውና። «ጭነት» ግን የሚመዘን፣ የሚጨመርና የሚቀነስ ነገር ነው።

«አዳጊ» ለምን አስፈለገ? ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ውሃ ሲሞላ 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ በኦሊምፒክ ወንዶች ከሚያነሱት ባዶ ብረት ጋር እኩል ማለት ነው። ጀሪካኑን በየቀኑ ከቧንቧ ቤቷ የምታደርስ ሴት መጀመሪያ ሰሞን ወገቧን ይይዛታል፤ ውሎ አድሮ ትለምደዋለች። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ብትሸከም ለ20 ኪሎ የሚበቃ ጉልበት ይኖራታል እንጂ ጀሪካኑ ስለማያድግ ጉልበቷም ከዚያ ብዙ አያልፍም። መልፋትና መጠንከር የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

ዘዴው ወደ ሕክምና የገባው በጦርነት ምክንያት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ቺካጎ ውስጥ በጋርዲነር ጄኔራል ሆስፒታል የሚሠራው የአሜሪካ ጦር ሐኪም ቶማስ ዴሎርም፣ ጉልበታቸው የተጎዳ ወታደሮችን ክብደት እያስነሳ ማከም ጀመረ። ልጅ ሳለ ከሕመም ያገገመው እሱ ራሱ ብረት በማንሳት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው ጽሑፍ ዘዴውን «ከባድ» ብሎ ጠራው። በ1948 ግን ከባልደረባው ከአርተር ዋትኪንስ ጋር ሆኖ «ከባድ» የሚለውን አውጥቶ «ደረጃ በደረጃ እየጨመረ የሚሄድ» በሚል ተካው። የስም ለውጡ ጀማሪ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው፤ ቁም ነገሩ ክብደቱ ሳይሆን ጭማሪው መሆኑን ይናገራልና።

በቤት እንሞክረው። ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ውስጥ 4 ሊትር ውሃ ጨምረው ደረትዎ ላይ ይቀፉት። ከዚያ በትምህርት ቤት በቅጣትነቱ የምናውቀውን ቁጭ ብድግ 8 ጊዜ ይሥሩ። ሁለት ደቂቃ አርፈው ይድገሙት፣ ይሠልሱት። (ጂም ቤት ይህ «ሦስት ሴት» ይባላል፤ «ሦስት ዙር» ብንለው ከብዙ ቀልድ ይገላግለናል።) ማክሰኞና ዓርብ ቢሠሩ ይበቃል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ነው። ሦስቱም ዙር 12 እስኪደርስ ውሃውን አይንኩት። ሲደርስ 1 ሊትር ይጨምሩና ወደ 8 ይመለሱ። ክብደቱም ቁጥሩም በየተራ ስለሚያድጉ ሁለቱም አዳጊ ጭነት ናቸው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉልበትዎ ቶሎ ሲጨምር ጡንቻው ገና አልፋፋም፤ በአብዛኛው ነርቮች ያለውን ጡንቻ በደንብ ማዘዝ ስለተማሩ ነው። በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ጭንዎን ቢያምዎ አይደንግጡ፤ እንግዳ ሥራ የሚያመጣው ነው። መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ ሕመም ግን ሌላ ነው፤ ያኔ ሥራውን ያቁሙ። የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት ሰው ደግሞ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

አጠቃቀም፦
«ስድስት ወር ሙሉ ያንኑ ዳምቤል እያነሳህ ለውጥ አጣሁ ትላለህ፤ አዳጊ ጭነት የለህማ።»
«ዛሬ ስንት አነሳሽ?» «ካለፈው ሳምንት በአንድ ሊትር የሚበልጥ።»