ፀሐይ (አውሮፕላን)

በኢትዮጵያ ምድር የተሠራች የመጀመሪያዋ አውሮፕላን። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ላይ ገጣጠማት፤ በ1928 ዓ.ም. በረረች። የተሰየመችው በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም ነው። ሁለት መቀመጫና ባለ 7 ሲሊንደር የዋልተር ቬኑስ ሞተር አላት። ፋሽስት ጣሊያን ማርኮ ወሰዳት፤ ከሮማ ወጣ ብሎ፣ በብራቻኖ ሐይቅ ዳር፣ በቪኛ ዲ ቫሌ አየር ኃይል ሙዚየም ለረጅም ዘመን ቆየች። በጥር 2016 ዓ.ም. ለአገሯ በቃች።

የኢትዮጵያ አየር ኃይል ቅርስ ግን በእሷ ብቻ አያበቃም። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ሲያጠቃ ኤፍ-5 ጄቶች ከተማዋን ተከላክለዋል። የዚያ ዘመን የአብራሪ ቆብ፣ የበረራ መዝገብና ፎቶግራፍ ከየቤቱ ሳይጠፋ ሊሰበሰብ ይገባል፤ ለማሳያውም ከድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው አካባቢ የተሻለ ቦታ የለም።