በቤተ አምሐራ የግራ ክንድ ሥዕል ከተቃውሞ ወደ ተወዳጅነት

በደቡብ ወሎ ዞን ምዕራባዊ ክፍል የሚገኙት ወግዲ፣ ቦረናና አካባቢያቸው በመካከለኛው ዘመን ቤተ አምሐራ ይባል የነበረው ግዛት አካል ነበሩ። ነገሥታት በዚሁ ግዛት ካሠሯቸው ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት አንዷ አትሮንሰ ማርያም ነበረች።

በዚህች ቤተ ክርስቲያን የቬኒሱ ተወላጅ ኒኮሎ ብራንካሊዮኔ የእመቤታችንን ሥዕል መሣሉን ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ጽፏል። በኢትዮጵያ መርቆሬዎስ በሚል ስም የሚታወቀው ሠዓሊ በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ መጥቶ ከ30 ዓመታት በላይ በአገሪቱ ኖሯል።

ሥዕሉ ሕፃኑን በእናቱ ግራ ክንድ ላይ ያሳይ ስለነበር ቁጣ አስነሣ። በአገሩ ልማድ ቀኝ የክብር፣ ግራ ግን ዝቅ ያለ ስፍራ በመሆኑ አሣሣሉ ለጌታ አይገባም ተባለ። ይሁንና ሥዕሉ ከቦታው ሳይነሣ ቀርቶ ውሎ አድሮ ከፍተኛ አክብሮት አገኘ።

ከ17ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ደግሞ በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ የሚገኘውን ሥዕል አርአያ በማድረግ፣ ልጇን በግራ ክንዷ የታቀፈች እመቤት በኢትዮጵያ ሠዓሊያን ዘንድ እጅግ የተለመደች ሆነች። በአንድ ወቅት የተነቀፈው አሣሣል ምእመናን አብዝተው የሚወዱት ለመሆን በቃ።

የአትሮንሰ ማርያም ሥዕል ለዘመናችን አልደረሰም። በየአብያተ ክርስቲያናቱ የቀሩት ጥንታዊ ሥዕሎች ግን የሕግ ጥበቃ አላቸው። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ማንኛውም የቅርስ ጥገና የባለሥልጣኑን ቅድሚያ ፈቃድ ይጠይቃል። በመሆኑም በአሮጌ ሥዕል ላይ አዲስ ቀለም ከመደረቡ በፊት ጉዳዩን ለሚመለከተው የባህል ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይገባል።