ከሸኖ መንገድ እስከ ኖርዌይ በረዶ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

ነገሩ የሆነው በ1963 ዓ.ም. ነው። ወሩ ፈረንጆቹ ኤፕሪል የሚሉት፣ እኛ የበልጉን ዝናብ የምንጠብቅበት ወር ነበር። በሰሜኑ አገር በኖርዌይ ግን ምድሩ ገና በረዶ ለብሷል። እዚያ የአካል ጉዳተኞች ውድድር ተሰናድቷል። ከተጋባዦቹ አንዱ ከደብረ ብርሃን ወዲያ፣ ጃቶ ከምትባል መንደር የተገኘ፣ ደጋው ላይ ከብት እየጠበቀ ያደገ የሸዋ ሰው ነው። ሁለቱም እግሮቹ አይታዘዙትም። የተጠራው በክብር እንግድነት ነውና ካፖርቱን ደርቦ ከዳር ሆኖ ቢመለከት የሚታዘበው አልነበረም።

እሱ ግን ተወዳደረ። ቀስት ወረወረ፣ ጠረጴዛ ቴኒስ ተጫወተ፤ ከዚያም አልፎ ተቀምጠው በሚነዱት የበረዶ ተንሸራታች ላይ ወጣና 25 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ ነዳ። 16 ሰዎች በተፎካከሩበት በዚያ ውድድር በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ አንደኛ ወጣ።

ይህ ሰው ሻምበል አበበ ቢቂላ ነው።

በባዶ እግሩ የሮጠውን አበበን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ስለዚያ ብዙ አልናገርም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሮም ላይ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገብቶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ሳምንታት ሲቆጠሩ፣ ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ደገመው። ይህንስ ልጅም አዋቂም ያውቀዋል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ከዚህ ይጀምራል። አበበ ሮም ላይ ባሸነፈ በስምንተኛው ቀን፣ መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በዚያችው ከተማ ሌላ ውድድር ተከፈተ። ወደ 400 የሚሆኑ በዊልቸር የሚሄዱ ስፖርተኞች ነበሩ የመጡት። ያረፉባቸው ቤቶች ደረጃ ስለነበራቸው የኢጣሊያ ወታደሮች ከነዊልቸራቸው እየተሸከሙ ያወጧቸውና ያወርዷቸው ነበር። ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ የሚቆጠረው ያ ነው። ቶኪዮም ላይ እንዲሁ ሆነ፤ አበበ ሁለተኛውን ወርቅ ካጠለቀ ወር ሳይሞላ በዊልቸር የሚወዳደሩት ሰዎች እዚያው ከተማ ገቡ። ሁለቱንም ጊዜ አበበ ወደ አገሩ ሲመለስ እነሱ ከኋላው ይመጡ ነበር። አንድ ቀን ከእነሱ ጋር እንደሚሰለፍ በዚያን ጊዜ ማን ያስብ ነበር?

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት ነው። ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ፣ ሸኖ አካባቢ፣ አበበ የሚነዳት ቮልስዋገን ተገለበጠች። እሱም ውስጧ እንደተቀረቀረ፣ የሚደርስለት ሳያገኝ አደረ። ያገኙት ሲነጋ ነው። ሕብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ ከአንገቱ በታች መላ አካሉ ከድቶት ነበር። በሳምንቱ ወደ እንግሊዝ፣ ስቶክ ማንደቪል ወደሚባለው ሆስፒታል ተወሰደ። እዚያም ስምንት ወር ያህል ተኛ። ንግሥት ኤልሳቤጥ መጥተው ጠየቁት፤ ከመላው ዓለም የመልካም ጤና ምኞት የያዘ ካርድ ጎረፈለት። በመጀመሪያ ራሱን እንኳ ማዞር አይችልም ነበር። ቀስ በቀስ ግን እጆቹ ተመለሱለት፤ እግሮቹ አልተመለሱም።

አሁን ስለዚያ ሆስፒታል ትንሽ ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ የኖርዌዩ ታሪክ አይገባችሁምና። ሉድቪግ ጉትማን የሚባሉ አይሁዳዊ የነርቭ ሐኪም ነበሩ። የናዚን ግፍ ሸሽተው እ.ኤ.አ. በ1939 ከጀርመን እንግሊዝ ገቡ። በ1944 በጦርነቱ ሕብለ ሰረሰራቸው የተጎዱትን የሚያክም ክፍል እንዲመሩ ስቶክ ማንደቪል ላይ ተሾሙ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው ተስፋ እንደሌለው ተቆጥሮ አልጋ ላይ ይተው ነበር። ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ራሱ ጉዳቱ አልነበረም። ሳይገላበጥ በመተኛቱ የሚወጣበት የአልጋ ቁስልና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበሩ የሚጨርሱት። ዶክተር ጉትማን በሽተኞቻቸው ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ አዘዙ። በዚህ ሕይወታቸው ተረፈ።

ሰው በሕይወት ከተረፈ በኋላስ? የጉትማን ታላቅነት እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ኳስና ቀስት ሰጥተው ወደ ሜዳ አወጧቸው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 1948 የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ በሆስፒታሉ ሣር ላይ 14 ወንዶችና 2 ሴቶች ዊልቸራቸው ላይ ተቀምጠው ቀስት ተወዳደሩ። ፓራሊምፒክ ከዚያች ሣር ነው የበቀለው።

ቀስት ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ደጋን መሳብ ትከሻን፣ ክንድንና ጀርባን ያጠነክራል፤ ወገቡ የከዳው ሰው ሚዛኑን ጠብቆ መቀመጥን እንዲማር ያደርጋል። ደግሞም የተቀመጠው ከቆመው ጋር እኩል ሊወዳደርበት ይችላል። በ1976 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ኔሮሊ ፌርሆል የምትባል የኒውዚላንድ ሴት ዊልቸሯ ላይ ሆና ቆመው ከሚወረውሩት ጋር በቀስት ተወዳድራለች።

አበበም የያዘው ይህንኑ ነው። በ1962 ዓ.ም. ቀስት መለማመድ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ክረምት በስቶክ ማንደቪል የዊልቸር ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ። አደጋው ከደረሰበት ገና ዓመት ከጥቂት ወራት ቢሆነው ነው። በዓለም ላይ ከሱ የፈጠነ የማራቶን ሯጭ ያልነበረ ሰው፣ እንደ ጀማሪ ደጋን አነሣ። ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ላለው ሰው ይህ ቀላል አይመስለኝም። ያሸነፈባቸውን ቀኖች እያሰበ ቤቱ ቢቀመጥ ሕዝቡ አክብሮ ይኖር ነበር። ደጋን ማንሣቱ ለእኔ ከሮሙ ድል የሚተናነስ አይደለም።

ከዚያ ኖርዌይ። በዚያ ዘመን አገሪቱ በዚህ ነገር የነቃች ነበረች። ኤርሊንግ ስቱርዳል የሚባል ማየት የተሳነው የሙዚቃ ሰው እ.ኤ.አ. በ1964 ቤይቶስቶለን በምትባል የተራራ መንደር ማየት ለተሳናቸው ሰዎች የበረዶ ሸርተቴ ውድድር ጀምሮ ነበር። ዐይነ ስውሩ ከሚያይ መሪ ጋር ሆኖ፣ ድምፁን እየሰማ በበረዶው ላይ ይንሸራተታል። ውድድሩ ሰፍቶ መንቀሳቀስ የተሳናቸውንም አቀፈ። እ.ኤ.አ. በ1970 እዚያው መንደር ውስጥ አካል ጉዳተኞች ተራራና በረዶ ላይ በመንቀሳቀስ ጤናቸውን የሚገነቡበት ማዕከል ተከፈተ። የኖርዌይ ሰዎች በረዶን ለሚራመድ ሰው ብቻ የተፈጠረ አድርገው አላዩትም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። ሕብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው በረዶ ላይ ሲወጣ ድፍረት ብቻውን አይበቃውም። ከጉዳቱ በታች ያለው አካል ብርድን አይናገርም። አይንቀጠቀጥም፤ የደም ሥሮቹም ሙቀት ለመያዝ እንደ ወትሮው አይጠብቡም። ጣቱ በውርጭ ቢቃጠል ሕመም ስለማይሰማው ጫማውን አውልቆ በዐይኑ ካላየ አያውቅም። በሐሩርም ያው ነው፤ ከጉዳቱ በታች ላብ ስለማይወጣው ሰውነቱ ቶሎ ይግላል። ለረጅም ሰዓት ሲቀመጥ በየተወሰነ ደቂቃው በክንዱ ራሱን ከፍ አድርጎ መቀመጫውን ካላሳረፈ ያ የአልጋ ቁስል ዊልቸሩም ላይ ይመጣበታል። ሽንት ቤት እንዳያስቸግረው ብሎ ውኃ መጠጣት ቢተው ኩላሊቱን ይጎዳል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሰው ከቤት ሲወጣ የሚለብሰውን፣ የሚቀመጥበትን፣ የሚጠጣውንና ሽንት ቤቱን አስቀድሞ ያቅዳል፤ ወዳጅ ካለው ደግሞ አብረው ያቅዳሉ። ይህን የምነግራችሁ ላስፈራችሁ አይደለም። በዕውቀት የሚታለፍ ነገር በመሆኑ ነው። ባለማወቅ ብቻ በር የተዘጋበት ብዙ ሰው አለና።

እኛስ አገር? ደጋችን ገደል ነው፤ ቀበሌ ለቀበሌ የሚያገናኘው ብዙው መንገድ የእግር መንገድ ነው። በከተማ በእጅ የሚሽከረከረው ባለ ሦስት ጎማ ወንበር የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይቆማል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው አዞ ነበር። መልካም ሕግ ነው። ሰው ግን ቢሮ ለመግባት ብቻ አይኖርም። ሐይቅ ዳር መቀመጥ፣ ጫካ መግባት፣ ተራራ ላይ ወጥቶ አገሩን ቁልቁል ማየት ያምረዋል። ይህን ምኞት እንደ ቅንጦት የሚቆጥር ሰው ሲገጥመኝ ያመኛል።

ሊሆን የማይችል ነገርም አልጠየቅሁም። ዊልቸር የሚሄድበት ዱካ ጠንካራ መሬት ይፈልጋል፤ አንድ ሜትር ከፍ ለማለት 12 ሜትር ርዝመት ቢሰጠው የሚነዳው ሰው በክንዱ ይወጣዋል። በየመካከሉ ማረፊያ፣ ከጫፉም በሩ የሰፋ ሽንት ቤት ያስፈልገዋል። ዱካ የማይቀየስበት ገደልም ቢሆን መላ አለው። ጆየል ክሎዴል የሚባል ፈረንሳዊ የተራራ መሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ጡንቻው ለሚዳከምበት የወንድሙ ወይም የእህቱ ልጅ ባለ አንድ ጎማ ወንበር ሠራለት። አንድ ሰው ከፊት ይጎትታል፣ ሌላው ከኋላ ሚዛን ይጠብቃል፤ ልጁም ተራራው ላይ ወጣ። ጆየሌት ይሉታል፤ ዛሬ በብዙ አገር ዊልቸር በማይደርስበት አቀበት ይወጣበታል። እኛ ደግሞ በቅሎ አለችን። ሰሜን ተራሮች ላይ ጎብኚ የሚጭኑ በቅሎዎችና አገሩን እንደ እጃቸው መዳፍ የሚያውቁ ባለ በቅሎዎች አሉን። ጀርባ የሚደግፍና ወገብ የሚያስር ኮርቻ ማሰናዳት ለአገራችን ኮርቻ ሠሪ ምን ይከብደዋል?

ወደ አበበ ልመለስ። በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ ለሙኒክ ኦሊምፒክ በክብር እንግድነት ተጠራ። በመክፈቻው ዕለት በዊልቸሩ ሲታይ ስታዲየሙ ተነሥቶ አጨበጨበለት። ማራቶኑ የተሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን ነው። ከሮሙ ድል ልክ 12 ዓመት፣ ቀኑም ያው ቀን! ማሞ ወልዴ ሦስተኛ ወጣ። አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ወርቁን ከተቀበለ በኋላ አበበ ዘንድ ሄዶ እጁን ጨበጠ። ከዚያ ብዙም አልቆየ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ። በቀብሩ ላይ ወደ 65 ሺህ ሰው ተገኘ፤ ብሔራዊ የኀዘን ቀንም ታወጀ።

ከአደጋው እስከ ሞቱ አራት ዓመት ተኩል ቢሆን ነው። በዚያች አጭር ጊዜ እንግሊዝ ሣር ላይ ቀስት ወርውሯል፣ ኖርዌይ በረዶ ላይ ነድቷል፣ ሙኒክ ስታዲየም ገብቷል። ይህን ያደረገው ጀግና ስለነበረ ብቻ አይደለም። ያወጡት ሰዎች ነበሩ፤ ሐኪም ነበረው፣ ቀስት የሚያስተምረው ነበር፣ የጋበዘው አገር ነበር። በየመንደሩ ግን ከሱ ጋር ተመሳሳይ ጉዳት ኖሮበት እነዚህን ሁሉ ያጣ ሰው አለ። ቤተሰቡ ጠልቶት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ከፍቅርና ከሥጋት የተነሣ ነው ውስጥ የሚያስቀምጠው። እንዳይወድቅ፣ እንዳይበርደው፣ ሰው እንዳያይበት እያለ። እንዲህ ሲባል ዓመታት ያልፋሉ።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ በመጪው እሑድ የት መሄድ እንደሚወድ እሱኑ ጠይቁት፤ እናንተ አትምረጡለት። ከዚያ ልብሱንና ውኃውን አሰናዱ፣ መንገዱን ቀድማችሁ እዩ፣ አብራችሁት ውጡ። መናፈሻ የምትሠሩ፣ የተራራ ዱካ የምትቀይሱ ደግሞ፣ ድንጋይ ከመነጠፉ በፊት ዊልቸር የሚነዳ ሰው ቦታው ድረስ ወስዳችሁ አማክሩ።